ወተቱን ባፈላው መድኃኒቱ ይጠፋል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደወሉልን በአብዛኛው ወተት አቅራቢዎችና ዶሮ አርቢዎች ናቸው። የጠየቁት ለእንስሳት ስለሚሰጡ አንቲባዮቲኮችና ጀርሞች መድኃኒትን ስለመላመዳቸው ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረን ከእንስሳት ሐኪሙ መልስ ጋር አቅርበናል።

ከሰበታ የደወሉ እናት፦ የላሜ አንዱ ጡት አብጦ ወተቱ እየተቋጠረ ይወጣል። ባለሙያው ጡት ውስጥ የሚጨመቅ መድኃኒት ሰጠኝና ወተቱን ለጥቂት ቀን እንዳልሸጥ ነገረኝ። አፍልቼ ለቤት ባደርገውስ? እሱም ቢቀር ለጥጃው?

መልስ፦ እናቴ፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ መድኃኒቱን ግን አያጠፋውም። ፔኒሲሊንም ሆነ ኦክሲቴትራሳይክሊን ወተቱ ገንፍሎ እስኪወርድ ባለው ጊዜ ብዙም አይነካም። ምናልባት በቤትዎ አይተውት ይሆናል፤ የታከመች ላም ወተት እርጎ አልሆን ይላል። እርጎውን የሚያረጋው ተህዋስ በመድኃኒቱ ስለሚሞት ነው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ የሚፈቅደው ፔኒሲሊን 4 ማይክሮግራም ብቻ ነው።

የታከመው አንድ ጡት ቢሆንም የአራቱም ወተት ይደፋል፤ መድኃኒቱ በደም ይዞራልና። ስንት ቀን እንደሚደፋ በመድኃኒቱ መለያ ላይ ተጽፏል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቆጠራው ላይ ነው፦ ቀኑ የሚቆጠረው ከመጨረሻው መድኃኒት ጀምሮ ነው፤ ከመጀመሪያው አይደለም። ለጥጃውም አይስጡት። በወተቱ ያለው ትንሽ መድኃኒት በጥጃው አንጀት ያሉትን ደካማ ጀርሞች ጨርሶ ጠንካሮቹን ያስቀራል፤ እነሱም በእበቱ ወጥተው በረቱን ይሞሉታል። ጉድጓድ ቆፍረው ይድፉት። ሊትሩ ስንት እንደሚሸጥ እናውቃለን፣ ያማል። ግን ሰብሳቢው ጋ ቢያደርሱት የአልኮልና የላክቶሜትር ፍተሻው መኮምጠጥንና ውሃን እንጂ አንቲባዮቲክን አያሳይም፤ የአንዷ ላም ወተት የስንቱን ጎረቤት ወተት ይዞ ይሄዳል።

አሰጣጡም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ጡቱን አልበው ያራቁቱት። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የጡቱን ጫፍ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ደጋግመው ይጥረጉ፤ ጥጡ ከቆሸሸ ይቀይሩት። የትዩቡን አፍ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ብቻ ያስገቡ። ጠልቆ ከገባ በር ላይ ያለውን ጀርም ራስዎ ወደ ውስጥ ገፉት ማለት ነው። ጨምቀው ወደ ላይ ያሹት። ቋጠሮው በሁለተኛው ትዩብ ቢጠፋም የታዘዘው ይጨረስ። ይህችን ላም ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ ይለቧት።

ከፍቼ አካባቢ የደወሉ አርሶ አደር፦ በሬ ሲታመምብኝ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን) ከገበያ ገዝቼ 10 ሲሲ እወጋዋለሁ። ድሮ በአንዱ ይነሳ ነበር። ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ወግቼው አልተሻለውም። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጥበት ከገዙ ሊበላሽ ይችላል። የሚያሳስበው ግን ያ 10 ሲሲ ነው። ኦክሲ የሚለካው በኪሎ ነው፤ ሚዛን ከሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሩ ጀርባ የደረቱን ዙሪያ፣ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ርዝመቱን በሴንቲሜትር ይለኩ። ዙሪያውን በራሱ ያባዙ፣ በርዝመቱ ያባዙ፣ ለ10,838 ያካፍሉ። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ 270 ኪሎ ገደማ ይመጣል። በተለመደው መጠን፣ በ10 ኪሎ 1 ሲሲ፣ ለዚህ በሬ 27 ሲሲ ያስፈልገዋል። እርስዎ የሰጡት ከሲሶው ጥቂት የሚበልጥ ነው። እንዲህ ያለው መጠን ደካማውን ጀርም ገድሎ ብርቱውን ያሠለጥናል።

27ቱን አንድ ቦታ አይውጉ፤ ለሁለት ከፍለው ግራና ቀኝ አንገቱ ላይ።

ሌላው ወጥመድ ጠርሙሱ ነው። ባለ 10 በመቶውም ባለ 20 በመቶ ረጅም ቆይታውም በ10 ኪሎ 1 ሲሲ ስለሚሰጡ ሰው አንድ ይመስሉታል። ባለ 20ው ሦስት ቀን ያህል ይሠራል፤ ባለ 10ሩ አንድ ቀን ብቻ ስለሚቆይ ከ3 እስከ 5 ቀን በየቀኑ መደገም አለበት። ባለ 10ሩን አንዴ ወግቶ መተው ጀርሙን ነካክቶ መልቀቅ ነው። ደግሞ በሽታው ገንዲ ከሆነ ኦክሲ ምንም አያደርግለትም። ሦስት መርፌ ያልመለሰውን አራተኛው አይመልሰውምና ክሊኒክ ይውሰዱት።

ከቢሾፍቱ፣ ወጣት ዶሮ አርቢ፦ ዶሮዎቼ አንገታቸው እየተጣመመ፣ አረንጓዴ እየቀዘኑ ይሞታሉ። የሰው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቼ ውሃቸው ውስጥ እጨምራለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የነገርከን ምልክት የፈንግል ነው። ፈንግል ቫይረስ ነው፤ የትኛውም አንቲባዮቲክ አይነካውም። ካፕሱሉ የሚደርሰው እንቁላሉ ውስጥና የዶሮዋ አንጀት ውስጥ ባሉ ሌሎች ጀርሞች ላይ ነው። ክትባቱን የሚያመርተው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እዚያው ከተማህ ውስጥ ነው። ኤች ቢ ዋን የተባለው ክትባት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓይን ጠብታ፣ ላሶታ የተባለው ደግሞ በወሩ ገደማ በውሃ ይሰጣል። ክትባቱን በክሎሪን ውሃ አትበጥብጠው፤ ክሎሪኑ ይገድለዋል። በሊትር 2.5 ግራም ያህል ስብ የሌለው የዱቄት ወተት ጨምርበት። ዶሮዎቹን አስቀድመህ ለሁለት ሰዓት ያህል አስጠማቸው፤ ከዚያ ክትባቱን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ። ኩሱ ደም ከቀላቀለ ግን ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተህዋስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናውም ሌላ ነው፤ አስመርምር።

ከአዲስ አበባ፦ እኔ ከብት የለኝም። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ግን አልተውም። ይህ ጉዳይ እኔን ምን አገባው?

መልስ፦ ሁለት ነገር ይለዩ። አንዱ የመድኃኒቱ ቅሪት ነው፤ እሱን መጠበቅ ያለበት ሳይታረድ ቀኑን መቁጠር የሚገባው አርቢ ነው። ሁለተኛው መድኃኒት የተላመደው ጀርም ነው፤ ሲታረድ ከአንጀት በቢላና በእጅ ሥጋው ላይ ይሄዳል። በስሎ ከሆነ ይሞታል፤ በጥሬው ግን ከነሕይወቱ ሆድዎ ይገባል። የመላመድ ባሕርዩንም ለሌላ ዓይነት ጀርም ያቀብላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቻይና ውስጥ በአሳማና በሰው ላይ የተገኘው ኤም ሲ አር ዋን የተባለው ዘረመል ኮሊስቲንን፣ ማለትም ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ሐኪም የሚያወጣውን መድኃኒት፣ የሚያከሽፍ ነበር። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2017 ኮሊስቲንን ለማደለቢያ መኖ መጨመር አገደች። ክትፎውን አይተውም ብለዋል፤ ቢያንስ ለብለብ ይሁን፣ የሥጋው መክተፊያም ለሰላጣ አይዋል።

ከዋሽንግተን፣ አንዲት እህት፦ ለወላጆቼ ከብቶች ከዚህ መድኃኒት ልላክ?

መልስ፦ አይላኩ። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን ከጁን 2023 ወዲህ ለሰው ሕክምና የሚያገለግሉ የከብት አንቲባዮቲኮች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጡም። ቴርሞሜትር ይላኩላቸው። የጤናማ ላም ሙቀት ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ ነው። ከዚያ ካለፈ ለሐኪም ሲደውሉ ቁጥሩን ይንገሩት፤ ትኩሳት ከሌለ ደግሞ መርፌ ከመግዛታቸው በፊት ቆም ይበሉ። ጫፉን ቫዝሊን ቀብተው በመቀመጫዋ ያስገቡት፣ ወደ ጎን ከአንጀቱ ግድግዳ ጋር ያስጠጉት፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ክር ማሰር እንዳይረሱ፤ ላም ቴርሞሜትር ትውጣለች፣ በዚያ በኩልም ቢሆን።