መኪና ስንገዛ የምንገዛው ምንድን ነው?

በደብረ ብርሃን በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

እንደምን አደራችሁ። በዚህ ውርጭ ማልዳችሁ ከጫጫ፣ ከደነባ፣ ከእነዋሪና ከደብረ ሲና የመጣችሁትን ከሁሉ አስቀድሜ ላመስግን።

ኮሚቴው ስለ መኪና ብድር እንድናገር የጠየቀኝ ጉዳዩ አባላትን ስላከራከረ ነው። ግማሹ «የቆጠብነው እኛ ነን፣ ለመኪናም ይፈቀድልን» ይላል። ግማሹ ደግሞ «የማኅበሩ ገንዘብ ለሰው ኩራት ማሟያ አይሆንም» ይላል። እኔ ዕድሜዬን ጋራዥ ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። መኪና የገዛ ሰው ደስ ብሎት መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ለመሸጥ የቸኮለውም የሚመጣው እኛ ጋ ነው። የምናገረው እዚያ ካየሁት ተነስቼ ነው።

ለመኪና ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው ሲታይ ቶሎ የሚወረወር ፍርድ አለ። «ለታይታ ነው» ይባላል። በዚህ አልስማማም። ታይታ የለም አላልኩም፤ አለ። ግን ሰው የስንት ዓመት ቁጠባውን ብረት ላይ የሚያፈሰው ለታይታ ብቻ አይደለም። ምን ፈልጎ እንደገዛ ሳንረዳ ብንመክረው፣ ምክራችን በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል።

እስቲ ከክብሩ ልጀምር። በአገራችን ሰው በሚሄድበት ነገር መከበሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ እዚሁ አንጎለላ ተወለዱ። አገር ያወቃቸው አባ ዳኘው እየተባሉ፣ በፈረሳቸው ስም ነው። ፈረሱ ለጦርነት ነበር፤ መኳንንቱ አገር ሲያቋርጡ የሚቀመጡት በበቅሎ ነው። ባለ በቅሎ ሲመጣ እግረኛ መንገድ ይለቅ ነበር። አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባም የቀረበው ለእኚሁ ንጉሠ ነገሥት ነው። መኪና አገራችንን የተዋወቀው በቤተ መንግሥት በር ገብቶ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፏል። አያያዛችን ግን ብዙ አልተለወጠም።

አንድ አስተማሪ ደንበኛ አለኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረው። በእግሩ ሲሄድ ዘበኛው መታወቂያ ይጠይቀዋል፣ ቦርሳውን ይፈትሻል፣ «ነገ ተመለስ» ይለዋል። ቪትዝ ገዝቶ በሄደ ጊዜ ያው ዘበኛ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት። ማን እንደሆነ እንኳን አልጠየቀውም። ሰውየው ያው ሰው ነው። ኮቱም ያው ኮት ነው። ይህን ሲነግረኝ ደስ ያለው አይመስልም ነበር፤ ከፍቶት ነበር። እኔንም ከፋኝ። ለቅሶ ቤትም ያው ነው። ባለ መኪናው ሲደርስ ወንበር ይለቀቃል፤ ከሩቅ በእግሩ የመጣው አዛውንት ደጅ ይቆማል። እንግዲህ ለክብር ሲል መኪና የገዛውን ከመውቀሳችን በፊት፣ ክብርን ከታርጋ ጋር ያሰርነው እኛው መሆናችንን እንመን።

ከክብር የሚብሰው ግን ገንዘቡ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በሌላው ዓለም መኪና ከመሸጫው በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል። እኛ ጋ ለብዙ ዓመት የሆነው ተቃራኒው ነው። ሰው መኪናውን ገዝቶ፣ ዓመታት ነድቶ፣ ከገዛበት በላይ ሸጧል። ይህ የሆነው በተአምር አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በዚያ ምክንያት አስቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ተወደደ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ባንክ ያስቀመጠ ሰው ደብተሩ ላይ ቁጥሩ አልቀነሰበትም፤ የሚገዛለት ዕቃ ግን ቀነሰበት። ኮሮላ በሩ ላይ ያቆመ ሰው ያን ያህል አልተጎዳም። ታዲያ ይህን በዓይኑ ያየ ነጋዴ፣ ይህን ያየ ደሞዝተኛ፣ ብሩን ወደ መኪና ቢያሸሽ ሞኝ ነው እንዴ? አይደለም። ቤት መሥሪያ ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። መኪና ግን ዛሬ ገዝተህ ዛሬ ቁልፉን ትይዛለህ። ቢቸግርህ በሳምንት ውስጥ ትሸጠዋለህ።

እዚህ ላይ ግን ገዢዎች የማያስቡት ነገር አለ። መኪናህን በእጥፍ ሸጥክ እንበል። ሌላ መኪና ካስፈለገህ የሌላውም ዋጋ እጥፍ ሆኖ ይጠብቅሃል። አተረፍኩ ያልከው በወረቀት ላይ ነው። ደግሞ መኪና ቆማም ትበላለች። ከጅሩ የመጣችሁ አባቶች ታውቁታላችሁ፤ ሰንጋ ስትቀልቡ የሚበላውን ሁሉ ትቆጥራላችሁ፣ እሱም በበላው ልክ ይከብዳል፣ ገበያ ሲወጣ ያስቆጠራችሁን ይከፍላል። መኪና የበላችው ግን ሥጋ አይሆናትም።

ስለ መንገዳችን ደግሞ እንነጋገር። አዲስ አበባ ተቀምጦ «ለምን ትልቅ ሞተር ይገዛሉ?» የሚል ሰው ጣርማ በርን አያውቀውም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው የነዳጅ ሞተር በዚህ ከፍታ ሩብ ያህል ኃይሉን ያጣል። 1000 ሲሲ የሆነች ቪትዝ አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ይዛ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስትወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ። በአንደኛ ማርሽ እያጓራች፣ ከኋላዋ ሲኖትራክ እያንባረቀባት ነው የምትወጣው። እዚያ ላይ ነፍሱ የተጨነቀች ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ተርቦ ያለው ናፍጣ ሞተር ቢያምረው አይፈረድበትም።

ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይብሳል። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር አካባቢ ናት። በዚያ ሁሉ ቁልቁለት በማርሽ ከመያዝ ይልቅ ፍሬን እየረገጠ የወረደ መኪና ጋራዥ ሲገባ ገና ከበር ሽታው ይቀድመዋል። ቸርኬውን ፈትተን የፍሬን ሸራውን ስናወጣው ፊቱ ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያበራል። ጣትህን ብታሳርፍበት ያንሸራትትሃል። እንዲህ የሆነ ሸራ ቢረግጡትም በደንብ አይዝም። ደህና ፍሬን፣ ደህና ጎማና ደህና ሞተር ለማግኘት ብሎ ጨምሮ የሚከፍል ሰው ትክክል ነው። እዚያ ላይ አትቆጥቡ እላለሁ።

የኤሌክትሪክ መኪናን የሚጠይቁኝ በዝተዋል። ባጭሩ እንዲህ ነው። ከፍታው ጉልበቷን አይቀንሰውም። ቁልቁለት ስትወርድም ሞተሯ እየያዘ ባትሪዋን መልሶ ይሞላል፤ ለእኛ መንገድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብርድ ግን የምትሄደውን ርቀት ያሳጥርባታል። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር ነው። የታኅሣሥን ማለዳ አስባችሁ፣ ቤታችሁ ቻርጅ ማድረጊያ መኖሩን አረጋግጣችሁ ግዙ።

ሌላው ምክንያት ሲነሳ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምናገረው። አንድ ደንበኛዬ ሚስቱ ሌሊት ምጥ ያዛት። ባጃጅ የለም። የሚያውቀው ባለ ታክሲ ስልኩን አላነሳም። ጎረቤት ቀስቅሶ፣ መኪና ያለው ሰው ተለምኖ፣ እስኪነጋ ጥቂት ሲቀረው ሆስፒታል ደረሱ። እግዚአብሔር ረድቶ እናትም ልጅም ተርፈዋል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ያገኛትን ሁሉ አጠራቅሞ፣ ተበድሮም ጭምር አሮጌ ኮሮላ ገዛ። መኪናዋ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ነው የምትውለው። ሰው ያያትና «ምን ትሠራለታለች?» ይላል። እሱ ግን እንቅልፉን ነው የገዛው። መናኸሪያ ላይ ከሕፃን ጋር የተጋፉ እናቶች፣ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ለአራት የታጨቁ ሽማግሌዎች ስሜቱ ይገባቸዋል። ደህና አውቶቡስ በሰዓቱ የሚመጣ ቢሆን፣ ሌሊት የሚጠራ መኪና ቢኖር፣ እዚህ ከተማ ካሉት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ባልተገዙ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ ኮድ 3፣ ማለትም ስለ ንግድ መኪና፣ ብዙ አልናገርም። አይሱዙ ገዝቶ እህል የሚጭን፣ ሚኒባስ ገዝቶ መስመር የሚሠራ ሰው ንግዱን ያውቃል። የሱን ሒሳብ ኮሚቴው በንግድ ብድር መንገድ ያየዋል።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። የሚያሳዝነኝ ሰው መኪና መግዛቱ አይደለም። ያለውን ሁሉ ለመግዣው ጨርሶ፣ ለመንጃው ሳያስቀር ሊብሬውን ይዞ ሲመጣ ነው። ደላላው ተከፍሏል። የስም ማዛወሪያው ተከፍሏል። የሦስተኛ ወገን መድኑ፣ ቦሎው፣ አራት ጎማ፣ ባትሪ፣ ዘይትና ፊልትሮው ግን አልታሰቡም። ነዳጁን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድጎማው ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ፣ በዚያ ወር 48 ብር አካባቢ የነበረው የቤንዚን ሊትር ጥር 2017 ላይ ከ100 ብር አልፎ ነበር። በአሮጌው ዋጋ ያሰበ ሰው በስድስት ወሩ መኪናውን ያቆማታል። የቆመች መኪና ባትሪዋ ይሞታል፣ ጎማዋ ይደርቃል፣ ብድሩ ግን አይቆምም።

አንድ ጊዜ የመጣችልኝን መኪና ላሳያችሁ። ቀለሟ ያበራል። ኪሎ ሜትሯ 60 ሺህ ይላል። ባለቤቷ ከአዲስ አበባ ትናንት ነው ይዟት የመጣው። በሩን ከፍቼ መጀመሪያ ያየሁት የፍሬን ፔዳሉን ነው። ላስቲኩ ተበልቶ ልሙጥ ሆኗል፤ ጠርዙ ላይ ብረቱ ወጥቷል። 60 ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲህ አያደርግም። ማግኔት አምጥቼ የኋላ ጎኗ ላይ ባስጠጋው አልያዘም፤ ወደቀ። ከቀለሙ ሥር ያለው ወፍራም ስቱኮ ነው። ከሥር ገብቼ ሻንሲዋን ሳይ ተበይዷል። ሰውየው አጠገቤ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። የከፈለው ገንዘብ የሁለት ወንድማማቾች ቁጠባ ነው። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ቢመጣ ኖሮ ይህን ለማየት ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር።

ስለዚህ ለዛሬው ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የመኪና ብድር አይከልከል። ከከለከልነው አባሉ አራጣ አበዳሪ ጋ ይሄዳል። ነገር ግን ማመልከቻው ላይ የመግዣ ዋጋው ብቻ አይጻፍ። የነዳጅ፣ የመድን፣ የሰርቪስና የጎማ ወጪ በወር ተሰልቶ ከብድር ክፍያው ጋር አብሮ ይጻፍ። ከሚጠየቀው ገንዘብም የመጀመሪያው ስድስት ወር መንጃ በአባሉ ሒሳብ ላይ ታግዶ ይቀመጥ፤ ለመግዣው ተጠራርጎ አይውጣ። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም ቀርበው ይፈርሙ። ቤት ያሉ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ በዚህ መኪና ምክንያት እንደማይነካ ሁለቱም አፍ አውጥተው ይናገሩ።

ከጋራዥ ወንድሞቼም ጋር ተነጋግረናል። ከማኅበሩ ደብዳቤ ይዞ የመጣ አባል የሚገዛውን መኪና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በነፃ እናይለታለን። ያገኘነውን ጽፈን እንሰጠዋለን፤ ደላላውም ሻጩም ባሉበት። ከእናንተ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀብድ ሳትከፍሉ ኑ።

ጥያቄ ያለው ካለ እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።