ኪፓ ማድረግ ቆብ መጫን አይደለም

እናቶቼ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን ለኢየሩሳሌም አበቃችሁ! ገና ከመንገድ መግባታችሁ ነው፣ ደክሟችኋል፣ ግን ነገ ጠዋት ኮቴል፣ ማለትም የምዕራቡ ግንብ ከመሄዳችን በፊት ስለ አንዲት ትንሽ ጨርቅ ላወራችሁ ነው። በሷ ምክንያት ስንት ሰው በር ላይ ሲጨነቅ ስላየሁ ነው እንዲህ በወረቀት ጽፌ የመጣሁት።

የወንዶቹ መጸለያ መግቢያ ላይ ሳጥን አለ፣ ውስጡ ነጭ ስስ ኪፓ፣ ማለትም አይሁድ ወንዶች አናታቸው ላይ የሚያደርጓት ትንሽ ቆብ፣ ተቆልሏል፣ በነጻ ነው። አይሁድ ሆነ አልሆነ፣ አመነ አላመነ፣ ወንድ ሁሉ ራሱን ሸፍኖ ነው የሚገባው። ፈረንጁ ቱሪስት አንዱን አንስቶ ጣል ያደርግና ያልፋል፣ የኛ ሰው ግን ይቆማል። አንድ ጊዜ ሰባ የሚያልፋቸው አባት ይዤ ሄጄ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙት፣ ቤተክርስቲያን ደጃፍ እንደሚያደርጉት። በር ላይ ያለው ልጅ ደሞ የራሱን አናት መታ መታ እያደረገ መልሱት ይላቸዋል፣ እሳቸው ሰላምታ መስሏቸው የባሰ ዝቅ ብለው እጅ ነሱት። ሁለቱም እኮ የያዙት አክብሮት ነው፣ አንዱ በማውለቅ አንዱ በመልበስ! ሄጄ ሳስረዳቸው "ልጄ፣ ጳውሎስ ወንድ ተከናንቦ አይጸልይ ብሏል፣ ደሞ የሰው ቆብ ጭኜ ብገባ ሃይማኖቴን ካድኩ ማለት አይሆንም ወይ?" አሉኝ።

ጥያቄው ከልብ የመጣ ነው፣ ከየት እንደመጣም ይገባኛል። በአማርኛ ቆብ ጫነ ማለት መነኮሰ ማለት ነው፣ ዓለምን ትቶ ቃል ገባ ማለት ነው፣ እና ራስ ላይ የሚደረግ ነገር ለኛ ጆሮ መሐላ መሐላ ይላል። ኪፓ ግን መሐላ የለበትም። ኦሪት ውስጥ ዘጸአት 28 ላይ ጥምጥም የታዘዘው ለአሮንና ለልጆቹ ነው እንጂ ለወንድ ሁሉ አይደለም። ልማዱን ያመጡት ጠቢባኑ ናቸው። የጠቢባኑ ትምህርት በተሰበሰበበት በታልሙድ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን የሰማይ ፍርሃት እንዲያድርብህ ራስህን ሸፍን ትለዋለች፣ ሌላ ጠቢብ ደሞ የእግዚአብሔር ክብር ከራሴ በላይ ነው እያለ ራሱን ሳይሸፍን አራት ክንድ አይራመድም ነበር። በቃ ትርጉሙ ይሄው ነው፣ ከኔ በላይ ያለ አለ ማለት። ወደ አይሁድነት መግባት ሌላ ነገር ነው፣ ትምህርት አለው፣ የረቢዎች ፍርድ ቤት አለው፣ ውሃ ውስጥ መጥለቅ አለው፣ ከሳጥን በተነሳ ጨርቅ ማንም አይገባም ማንም አይወጣም።

ይሄን ስል ከራሴ ሕይወት ነው። እኔ ጎንደር ገጠር ከቤተ እስራኤል፣ ከኢትዮጵያ አይሁድ ማለት ነው፣ የተወለድኩ ነኝ፣ እዛ ቄሶቻችን ነጭ ጥምጥም ይጠመጥሙ ነበር፣ ኪፓን ያወቅኩት እዚህ መጥቼ ነው። ያኔ ከእስራኤል ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በፈረንጆቹ 1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ነው ብለው መስክረው እያለ፣ በ1984 በሱዳን አድርገው የመጡት ወገኖቻችን አይሁድነታችሁ እንዲረጋገጥ ውሃ ካልጠለቃችሁ ተብለው በ1985 ሰልፍ ወጥተዋል። እኔንም አንድ ቅዱስ ቦታ በር ላይ፣ የራሴን ኪፓ አድርጌ እያለ ጠባቂው አይቶኝ "ቱሪስት ነህ?" ብሎኛል። ያን ቀን አመመኝ፣ እስካሁንም ያመኛል፣ ግን ያቺ ጨርቅ የሰውን ማንነት እንደማትናገር አሳይታኛለች። አይሁዱን አይሁድ ካላስባለችው እናንተንማ እንዴት አድርጋ ትቀይራለች?

ኦባማ በፈረንጆቹ 2008 ትራምፕ በ2017 እዛው ግንብ ፊት ኪፓ አድርገው ቆመዋል፣ ተቀየሩ ያላቸው የለም። ከናንተ መሀል ምንም የማያምን ወጣት ካለም ያው ነው፣ እንድታምን የሚጠይቅህ የለም፣ ሰው ሀዘን ቤት ሲገባ ሟቹን ባያውቀውም ድምፁን ዝቅ ያደርግ የለ? ሀገር ቤትም እኮ እንዲህ ነበር የኖርነው። ክርስቲያኑ ጎረቤታችን የመንጻት ሕጋችንን ባያምንበትም ያውቀዋል፣ እና ሳይነካን ከደጅ ቆሞ ይጣራ ነበር፣ እናቴ እስክትሞት ድረስ ይሄን በፍቅር ነበር የምታነሳው።

የማልወደው ሌላ ነው። ኪፓው አልበቃ ብሎ ጣሊት፣ ማለትም የጸሎት ኩታ ተከናንቦ፣ ተፊሊን፣ ማለትም የኦሪት ቃል ያለባትን የቆዳ ሳጥን በጠፍሯ ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ለሰልፊ የሚቆም ቱሪስት አለ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ፣ እነዚህ የሚጸልየው ሰው ዕቃዎች ናቸው፣ የእንግዳ አይደሉም። እናንተስ ፈረንጅ መጥቶ የቄሱን ካባ ደርቦ ፎቶ ቢነሳ ደስ ይላችኋል?

ኪፓ ማድረግ ህሊናው እሺ ያላለውም መብቱ ነው፣ ከአጥሩ ወዲህ ካለው ሰፊ አደባባይ ቆሞ ማየት ይችላል። እኚያ አባት እንደዛ ነው ያደረጉት፣ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ከሩቅ ቆመው ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ሰለሞን መቅደሱን ሲመርቅ፣ 1ኛ ነገሥት 8 ላይ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣው እንግዳ ወደዚህ ቤት ሲጸልይ ስማው ብሎ ለምኖ የለ፣ እኔ እኚያን አባት ሳይ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ባርኔጣ ወይ ኬፕ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ እሱም ይበቃል፣ የግድ ኪፓ አይደለም። የሳጥኑ ኪፓ ስስ ስለሆነ ንፋስ ያነሳዋል፣ ግንባራችሁን ድንጋዩ ላይ ስታሳርፉ በእጃችሁ ያዝ አድርጉት፣ ስትወጡም መልሱት። እናቶች ነጠላችሁ ትከሻችሁን፣ ቀሚሳችሁ ጉልበታችሁን ከሸፈነ ሌላ ምንም አያስፈልጋችሁም። ስትመለሱ ሰዎቹ ጀርባቸውን ሳይሰጡ ወደኋላ ጥቂት ሲራመዱ ታያላችሁ፣ ደስ ካላችሁ እናንተም እንደዛው ውጡ። ነገ ሐሙስ ስለሆነ ባር ሚጽቫ፣ ማለትም ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው የሚደረግለት በዓል፣ ይበዛል፣ ከበሮና እልልታ ስትሰሙ እንዳትደነግጡ፣ 1 ሰዓት ላይ ሆቴሉ በር ላይ እንገናኝ።