ዓባይ ይጠብቀው የነበረ በር

የተከበራችሁ የባሕር ዳር ነዋሪዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራላችሁ ጣና ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስለማትኖር የጨው ባሕር ሽሪምፕ ነው። ከጣት ታንሳለች፤ ገላዋ ወዲያ ማዶ ያሳያል፤ በቀይና በነጭ ነጠብጣብ ተሸልሟል። የሳይንስ ስሟ ኡሮካሪዴላ ፑልኬላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም የተዋወቀችው ከቱርክ ጠረፍ ነው፤ ዘመዶቿ ግን የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ኮራል ነዋሪዎች ናቸው። ተመራማሪዎች ወደ ሜዲትራንያን የገባችው በስዊዝ በኩል እንደሆነ ይገምታሉ።

የስዊዝ ቦይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። ይሁንና መሬቱ ስለተቆፈረ ብቻ መንገዱ አልተጠረገም። ቦዩ የሚያቋርጣቸው መራራ ሐይቆች ወለላቸው የጨው ግግር ስለነበር፣ ውኃቸው ለብዙ ፍጥረት አይቀመስም ነበር፤ ጨው ሟሙቶ እስኪቀንስ አሥርት ዓመታት ፈጀ።

ሌላው ዘበኛ የእኛው ዓባይ ነበር። ክረምት ከዚህ አገር ጠራርጎ የሚወርደው ጎርፍ ከነሐሴ ጀምሮ ሜዲትራንያን ይደርስና በቦዩ አፍ አካባቢ የባሕሩን ጨው ያቀጥነው ነበር። ጨው የለመደ እንግዳ ያን ውኃ መሻገር ይቸግረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ግድብ ጎርፉን እዚያው አስቀረው፤ በሩም ያለ ጠባቂ ተከፈተ። ግብፅን ለመውቀስ አላነሣሁትም፤ ግድብ የሚሠራ ሁሉ ስለ ሽሪምፕ አያስብም፣ እኛም አናስብም።

ወደ ራሳችን ልመለስ። 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ ወደ ጣና አያስወጣም። በዚህ ተከልለው የኖሩት፣ ነጭ ዓሣ የምንላቸው የላቤኦባርበስ ወገኖች ከአሥር በላይ ዝርያ ሆነው በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ሆነዋል። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። ፏፏቴው ግን እምቦጭን አላገደውም። ከደቡብ አሜሪካ የተነሣው ይህ አረም ወይን ጠጅ አበባው ስለሚያምር ሰው ራሱ በየአገሩ አዛምቶታል፤ በጣና መንሰራፋቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ዓሣ አጥማጆች ሆይ፣ ልመናዬ ትንሽ ነው። እምቦጭ ካለበት የወጣ መረብና ጀልባ ወደ ሌላ ወንዝ ወይም ሐይቅ ከመሄዱ በፊት ቁራጩ ሁሉ ይለቀም፤ ጭቃው ይታጠብ፤ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያልና። ከሌላ ሐይቅ የመጣ ዓሣም፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ጣና ላይ አይለቀቅ።

አመሰግናለሁ።