ጫካ የሚሰጠንና የማይሰጠን

የተከበራችሁ የጅማ ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ተፈጥሮ በእርግጥ የውስጥ ሰላም ያመጣል ወይ ተብሎ የጅማ ሰው ሲጠየቅ ትንሽ ያስቃል። ዙሪያችን ዋንዛና ሰሳ ነው፤ ወደ ቦዬ ረግረግ ብንወርድ ጉማሬ አለ። ጫካ ብቻውን ሰላም ቢሰጥ ኖሮ በለጠ ከሚባለው ጫካ ቡና ለቅሞ የሚመለስ ገበሬ ሁሉ ፊቱ በፈካ ነበር። እርሱ ግን በዋንዛው ጥላ ሥር ተቀምጦም የሚያሰላው የጀንፈል ዋጋ ነው።

ሆኖም ነገሩ ባዶ ወሬ አይደለም። ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን አነጻጽሯል። መስኮታቸው ወደ ዛፍ የሚያይ ሕሙማን የጡብ ግንብ ከሚያዩት ቀድመው ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ለ90 ደቂቃ አስኬዱ። በመኪና መንገድ ዳር ከሄዱት ይልቅ በአረንጓዴ ስፍራ የሄዱት፣ ክፉ ሐሳብን እንደ ላም መላልሶ ማመንዠካቸው ቀነሰ።

እኔ የማምነው ይህንን ነው፤ ማመንዠኩ ጋብ ይላል፣ ዕዳው ግን ይቆያል። ከጎረቤት ጋር የተጣላ ሰው ከጫካ ሲመለስ ጠቡ በሩ ላይ ይጠብቀዋል፤ ምናልባት ረጋ ብሎ ያነጋግረው ይሆናል፣ ያም ቀላል አይደለም። በጽኑ የታመመውን ወገን ግን «እስቲ ወጣ ብለህ ነፋስ ተቀበል» ብለን ከሐኪም አናስቀረው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እናሳያለን፣ በአየሩም እናስደንቀዋለን። ሄርማታ መርካቶ ከንጋት እስከ ምሽት ሽንኩርት የምትቸረችር እናት ግን ጅሬን የምትወጣበት ጊዜም ሆነ የባጃጅ ገንዘብ ከየት ታመጣለች? ለእርሷ የሚቀርባት አዌቱ ነው። እኛ ደግሞ አዌቱን ቆሻሻ መጣያ አድርገነዋል፤ አፍንጫ ተይዞ በሚታለፍ ወንዝ ዳር ማን ያርፋል?

የቀበሌ አመራሮች እዚህ አላችሁ። በአዌቱ ዳር የሚተከለውን ችግኝ ነዋሪው ያምጣ፣ ይንከባከበውም። እናንተ ቆሻሻ የሚጣልበትን ሌላ ቦታ ወስኑልን፤ ከገበያው በሚቀርበው ዳርቻም ጥቂት መቀመጫ ይሠራ። መቼ እንደምትጀምሩ አሁን ብትነግሩን መድረኩን እለቅላችኋለሁ።