«እውነት ነከሰችው?»

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ልጆቹ ስለተኙ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው። ጎረቤት ካየኝ አብዷል ነው የሚለው።

ማክሰኞ ማታ ለትልቋ ልጄ መጽሐፍ እያነበብኩላት ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው። ከላይብረሪ የተዋስነው፣ ሥዕል የበዛበት የአይዳ ቢ. ዌልስ ታሪክ። አይዳን ለማታውቋት፣ በፈረንጆቹ 1862 ሚሲሲፒ ውስጥ በባርነት ተወለደች። በ16 ዓመቷ እናትና አባቷን ቢጫ ወባ ወሰደባት። ታናናሾቿን ለማሳደግ አስተማሪ ሆነች፣ ኋላ ጋዜጠኛ።

ባቡሩ ጋ ደረስን። አንደኛ ማዕረግ ትኬት ቆርጣ የሴቶቹ ፉርጎ ውስጥ ተቀምጣለች። ትኬት ተቆጣጣሪው ጥቁር ስለሆነች ተነሺ፣ ሲጋራ ወደሚጨስበት ፉርጎ ሂጂ ይላታል። መጽሐፉ «እምቢ አለች» ብሎ ያልፋል። ሥዕሉ ላይ እጇን አጣምራ፣ ረጋ ብላ ተቀምጣለች።

እኔ ግን አይዳ ራሷ የጻፈችውን አንብቤዋለሁ። ሰውየው ክንዷን ይዞ ሲጎትታት እግሯን ከፊቷ ባለው ወንበር ወጥራ፣ እጁ ላይ ጥርሷን ሰካችበት። ሌሎች ሰዎች ጠርቶ ነው ጎትተው ያስወጧት። ተሳፋሪዎቹ አጨበጨቡ፤ ለእሷ አይደለም፣ ለእነሱ።

ይህን ስነግራት ልጄ ከአልጋዋ ተነሳች። «እውነት ነከሰችው?»

አዎ።

«እኔን ግን ይቅርታ ጠይቂ ብላችሁኛል!»

ለካ አልረሳችውም። አራት ዓመቷ ሆና የመዋያዋን አንድ ልጅ ነክሳ ጉድ አድርጋን ነበር። እሱማ መጫወቻሽን ነው የወሰደብሽ ብዬ ልከራከር ስል፣ «እሷንም ወንበሯን ነው የወሰዱባት» አለችኝ። አፌን አስያዘችኝ።

እኔ ገድል እየተነበበልኝ ነው ያደግኩት። አያቴ ስታነብልኝ ጻድቁ አይናደድም፣ አይሳሳትም፣ ሰይጣን ራሱ መጥቶ አይደነግጥም። ገድል ስለሆነ ያምርበታል። እንደ አይዳ ስላሉ ሴቶች የሚጻፈው የልጆች መጽሐፍ ግን ለምን ገድል ይሆናል? ንዴቷን አውጥተው ፈገግታ ያስገቡባታል። ልጄ እንቅልፏ የጠፋው እኮ ጥርሱ ሲመጣ ነው።

ሽንፈቱንም ይዘሉታል። አይዳ የባቡር ድርጅቱን ከሳ በ1884 500 ዶላር ተፈረደላት። በ1887 የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፣ ኪሳራውንም እሷው ትክፈል አለ። እዚህ ላይ ልጄ ዝም አለች። «ከዚያ ምን አደረገች?» ጻፈች አልኳት። ጓደኞቿን ሜምፊስ ላይ በ1892 መንጋ ሲገድላቸው፣ የግድያውን ሰበብ እየመረመረች ጻፈች። የጋዜጣዋን ቢሮ ሰባበሩት። ይህን በሰባት ዓመት ልክ መንገር ቀላል አይደለም፣ ግማሹን አሳልፌዋለሁ። እኔም ዘለልኩ ማለት ነው።

የ1913ቱን ግን አልዘለልኩትም። እዚሁ ዋሽንግተን፣ እኔ መንገደኛ ይዤ የምመላለስበት ፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ ነው የሆነው። ሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጠን ብለው ሰልፍ ወጡ። አዘጋጆቹ ጥቁሮቹን ከኋላ ተሰለፉ አሏቸው። ለእኩልነት በተጠራ ሰልፍ! አይዳ ተመልካች መሃል ቆየችና፣ የኢሊኖይ ሴቶች ሲደርሱ ገብታ ከነጮቹ ጎን ሄደች።

«እዚያስ ነከሰች?»

አይ፣ እዚያ አልነከሰችም።

በነጋታው ሳንቲም የምጥልበትን ጣሳ ገለበጥኩት። በ2025 የወጣው ሃያ አምስት ሳንቲም ላይ አይዳ አለች፣ አንድ አገኘሁና ሰጠኋት። መስኮቱ ጋ ወስዳ፣ ወደ ብርሃኑ እያዞረች አየችው፣ አየችው።

«ጥርሷ አይታይም» አለችኝ።