ቆሞ የሚሞት ባትሪ

ሰላም ናችሁ? እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ስለ ሞተር ሳይክል ባትሪ ነው። አትሳቁ፤ ደሴ ውስጥ ሞተር ይዞ ዳገት ለዳገት የሚውል ሰው ይገባዋል።

ባትሪ ልትገዛ ስትሄድ መጀመሪያ የምትጠይቀው ነገር የታወቀ ነው። «ስንት ዓመት ይቆያል?» ሻጩ ዓይኑን ሳያሽ «ሁለት ዓመት አትነካውም» ይልሃል። ጎረቤቱ አምስት ይላል። የሚገርመው ሁለቱም አልዋሹም። ውሃ የሚጨመርበት ተራው ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ያገለግላል። ድፍኑ፣ ማለትም ውሃ የማይጨመርበት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይሄዳል። ግን ዓመት ሳይሞላው የሚሰናበትም ሞልቷል። ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን የተገዙ ሁለት ባትሪዎች አንዱ ወዲያው ይወድቃል፣ ሌላው ሦስተኛ ዓመቱን ይይዛል። ስለዚህ እኔ አሁን አሁን ዓመቱን አልጠይቅም። የት ይውላል፣ እንዴት ያድራል ነው የምለው።

ሐሳቤን ልናገርና ላብራራው። ባትሪን ሥራ አይገድለውም። የሚገድለው መቆም ነው፤ በተለይ ጎዶሎ ሆኖ መቆም።

ለምን? ውስጡ ያለው ነገር ቀላል ነው። የእርሳስ ብረት ሰሌዳና አሲድ። ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ስድስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ከ2 ቮልት ትንሽ በለጥ ያለ ይሰጣል፤ ሲደመር 12 ነው። ኃይል ባወጣ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ሰልፌት የሚባል ነገር ይለብሳል። ቶሎ ቻርጅ ካገኘ ይለቃል። ከቆየ ግን ይደርቃል፣ ይደነድናል። ከደነደነ በኋላ ቻርጅ ላይ ብታሳድረውም አይለቅም። ያ የሰሌዳው ክፍል ከሥራ ወጣ ማለት ነው።

አሁን ይህን ይዛችሁ የቤንዚን ወረፋን አስቡ። ሰልፉ ትንሽ ሲጠጋ ሰዉ በሞተሪኖ፣ ማለትም በኤሌትሪክ ማስነሻው፣ ያስነሳል፣ ሁለት ሜትር ይሄዳል፣ ያጠፋል። እንደገና ያስነሳል። እያንዳንዱ ማስነሳት ከባትሪው ይወስዳል፤ የተወሰደውን ለመመለስ ደግሞ መንገድ ላይ ደህና አድርጎ መንዳት ይፈልጋል። ሁለት ሜትር ምን ይመልሳል? እኔ ወረፋ ላይ ሞተሬን እገፋለሁ። ሰነፍ ስለመሰልኩ የሚያሾፍብኝ አለ፤ ያሹፍ። ከዚያ ደግሞ ቤንዚኑ ተራችን ሳይደርስ ያልቃል። ሞተሩ ግቢ ይቆማል፣ ባትሪውም ጎዶሎውን እንደያዘ አብሮ ይቆማል። ለሳምንታት! ከዚያ ዕቃውን «የዘንድሮ ባትሪ እኮ ወረቀት ነው» እንላለን።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰው ነፍሱን ይዞ ነው የወጣው። ያኔ ስለ ባትሪ ማን ያስባል። ሲመለሱ ሞተራቸውን በደህና ያገኙ ጥቂት ዕድለኞች አውቃለሁ። ባትሪው ግን አንዴ ጠቅ ብሎ ዝም። ማንም አልነካውም ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው።

ሌላው የኛ አገር ጉዳይ ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 አካባቢ ትወርዳለህ። ቁልቁለቱ ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ በፎሌ የሚለቅ አለ። ቁልፉ ግን ክፍት ነው፣ ፓውዛው በርቷል። ሞተሩ ካልዞረ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ አይሠራም። ፓውዛው ከባትሪ የሚበራ ከሆነ 35 ዋት አምፖል 3 አምፔር ያህል ይበላል። አቅሟ 5 አምፔር ሰዓት የሆነች ትንሽ ባትሪ በ20 ደቂቃ ውስጥ አምስት እጅ ከሆነው ኃይሏ አንዱን እጅ ሰጠች ማለት ነው። ኮምቦልቻ ደርሶ ያቆመዋል፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ። ስለ ፍሬኑ አላወራም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።

ፀሐይ ካልኩ አይቀር። ባትሪ ብርድ ይጎዳዋል ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም የሚለግመው በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ነው፣ ጦሳ ተራራ በብርድ ሲያድር። ግን የበለጠ የሚጎዳው ሙቀት ነው። ሙቀት ውስጡን ቶሎ ያስበላዋል፣ ውሃውን ያተነዋል። ብርዱ የሚያደርገው ኃይሉን ለጊዜው መቀነስ ነው፣ የተጎዳውም ያኔ ይጋለጣል። እንደኔ ኮምቦልቻ ይገድለዋል፣ ደሴ መርዶውን ታረዳለች። ኮምቦልቻ ምኑ ቆላ ነው የሚል ካለ ወደ ሐርቡና ባቲ የሚመላለሱትን ይጠይቅ።

በቀደም ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ኤሌትሪሲያን ጋ ቁጭ ብያለሁ። አንድ ልጅ ሞተሩን እየገፋ መጣ፣ ላቡ በላቡ።

«ጋሼ፣ ትናንት ቻርጅ አስደርጌው ዛሬ እምቢ አለኝ።»

«ቆይ ልጄ» አለና ቮልት መለኪያ ቴስተሩን የባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ አሳረፈ። 12.6 ቮልት። ልጁ ፊቱ በራ። «ይኸው ደህና ነው!»

«ደህና ነው ማን አለህ? በል አስነሳው።»

ልጁ ቁልፉን ከፍቶ ሞተሪኖውን ሲጫን ቁጥሩ ተንደረደረ፣ 8 ገባ። የማርሹ አረንጓዴ መብራት ድርግም አለች። ከኮርቻው ሥር ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ሰውየው ቀና ሳይል «አየኸው? ሥራ ስትሰጠው ነው የሚታወቀው» አለ። ቀጥሎ በእግር አስነስቶ ነዳጅ ሰጠው፤ ቴስተሩ 14 አለ። ዲናሞው ጤነኛ ነው፣ ባትሪው አልቋል። ብዙ ሰው ይህችን ይዘላታል። 13 ተኩል እንኳ የማይደርስ ከሆነ አዲስ ባትሪ ብትገዛም ያው ነው። ከ15 ካለፈ ደግሞ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፣ አዲሱንም ያፈላዋል።

ልጁን «የት ነው ቻርጅ ያስደረግኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። የአይሱዙ ባትሪ ከሚሞላበት ትልቅ ቻርጀር ላይ ነው። ለሞተር ባትሪ የሚመከረው የቻርጅ መጠን የአቅሙ አንድ አሥረኛ ነው፤ 5 አምፔር ሰዓት ከሆነች ግማሽ አምፔር፣ ቀስ ብሎ። እዚያ ግን ከጭነት መኪናው ባትሪ ጎን ተደርድራ በአንድ ሰዓት ትፈላለች። «ሞልቷል» ይሉሃል፣ ትከፍላለህ።

አዲስ ስትገዛም ያው ጥድፊያ ነው። አሲዱን ይሞሉልሃል፣ እዚያው ያስሩልሃል፣ ትሄዳለህ። አሲድ ከገባበት በኋላ ትንሽ ዐርፎ፣ በደንብ ቻርጅ ተደርጎ መታሰር አለበት። አለዚያ ገና ከመጀመሪያው ሙሉ አይሆንም። ውሃው ሲጎድል የተጣራ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመረው። የቧንቧም አይሆንም፣ አሲድም አይጨመርም፤ የተነነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም።

ለመንገድ የምትወጡ፣ ለግሸንም ይሁን ለሐጅ፣ ወይ ነዳጅ ጠፍቶ ሞተር የምታቆሙ፣ ባትሪውን ሞልታችሁ ኔጋቲቩን ፍቱት። አላርም ያሰራችሁማ የግድ ነው፤ እሷ ሌሊቱን ሙሉ ትጠጣለች። ስትፈቱ ኔጋቲቭ መጀመሪያ፣ ስታስሩ ኔጋቲቭ መጨረሻ። መፍቻው ፍሬሙን ቢነካ እሳት እንዳይረጭባችሁ ነው።

የሞተውን ደግሞ አሲዱን ቦይ ውስጥ ደፍታችሁ ለቆራሌ አትስጡ። እርሳስ መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት። ከነአሲዱ፣ እንደተዘጋ ስጡት፤ እንዲያውም ሲከብድ ደህና ዋጋ ያወጣል። በሉ ደህና ሁኑ፣ ሳምንት እንገናኝ።