በሹክሹክታ የዘመርንባቸው ዓመታት

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጌታ ይባርካችሁ። መጋቢያችን "ስለ እግዚአብሔር ታማኝነት ተናገሪ" ሲሉኝ በየትኛው ዘመን ልጀምር ብዬ ተቸገርኩ። መድረክ ላይ በቆምኩበት ነው ወይስ አልጋ አጠገብ በተቀመጥኩበት?

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ስትዘጋ የ20 ዓመት ልጅ ነበርኩ። መዘምራን ውስጥ ገና መግባቴ ነው። ዩኒፎርሜን የለበስኩት አንድ እሑድ ብቻ ነበር። ሕንጻዎቹ ተወረሱ። መሪዎቻችን ታሰሩ፤ ከአራት ዓመት በላይ የቆዩም ነበሩ። እኔም ቤቴ ገብቼ "ጌታ ሆይ፣ ምነው ገና ሳልጀምር?" ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመርን፤ አምስት ስድስት ሆነን። አንድ ላይ አንገባም፤ በየአሥር ደቂቃው አንድ ሰው ነው። ደጅ ላይ የጫማ ክምር እንዳይታይ ጫማችንን ይዘን እንገባለን። ረከቦቱ ይቀርባል፣ ሲኒው ይደረደራል፣ ጀበናው ይጣዳል። የቀበሌ ሰው ድንገት ቢመጣ ቡና እየጠጣን ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ዱቄት ዕቃው ውስጥ ነው። ስንገልጠው ከገጾቹ መሃል የጤፍ ዱቄት ይራገፍ ነበር። መዝሙሩንም በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። እመኑኝ፣ ከዚያ ወዲህ በስንት ማይክ ዘምሬያለሁ፤ እንደዚያ ግን ዘምሬ አላውቅም።

በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት፣ 5,000 ያህል አባላት ይዛ የተዘጋችው ቤተ ክርስቲያን 34,000 ገደማ ሆና ወጣች። የወላይታ አባቶች ይህንን ቀድመው አይተውታል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም. ሚስዮናውያኑ ሲወጡ የተጠመቁት 48 ብቻ ነበሩ። ሲመለሱ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቋቸው።

ቢሆንም ታማኝነቱን በቁጥር ብቻ እንድንለካው አልፈልግም። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተወሰዱ፤ በሕይወትም አልተመለሱም። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ለዓመታት ታሰሩ። እግዚአብሔር ለእነሱም ታማኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ይህንን እንደ ዋዛ አልናገረውም።

ሳሙኤል ድንጋይ አቁሞ "አቤንኤዘር" አለው፤ እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል ሲል። ቃሉ ታክሲ መስታወት ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። ስሙ ግን ከዚያ በፊት፣ 1ኛ ሳሙኤል 4 ላይ አለ። እስራኤል አቤንኤዘር አጠገብ ሰፍረው ነው 30,000 እግረኛ የወደቀባቸው፤ ታቦቱም የተማረከው ያኔ ነው። ሰው ሁሉ ሊረሳው የሚፈልገውን ስም ነው ሳሙኤል ለምስጋና ድንጋዩ የሰጠው። ይህንን ያስተዋልኩት በቅርቡ ነው። ያቺ አንድ እሑድ የለበስኳት ዩኒፎርም ወዲያው ትዝ አለችኝ።

ከአራት ዓመት በፊት ባለቤቴን ስትሮክ መታው። ማይኩን ለልጆቹ አስረክቤ ቤት ገባሁ። አሁን ሥራዬ ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ እሱን ማገላበጥ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ጌታን አኩርፌ ነበር። እሑድ ጠዋት የመዝሙር ድምፅ ከሩቅ ሲሰማኝ መስኮቱን እዘጋ ነበር።

ከዚያ እናንተ የወጣት ኅብረት ልጆች ረቡዕ ረቡዕ መምጣት ጀመራችሁ። በመጀመሪያው ቀን እሱ ተኝቶ ነበር። አንዷ ልጅ "እማማ፣ እንዳይነቃ ቀስ ብለን እንዘምር" አለችኝ። እኔ ቡና እያፈላሁ ነበር። ሲኒው ተደርድሯል። ልጆቹ በሹክሹክታ ጀመሩ። ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አንስቼ እንደያዝኩት ቀረሁ። ያንን ድምፅ ከ1983 ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዞር ስል ባለቤቴ ዓይኑን ገልጧል። ከንፈሩም ይንቀሳቀስ ነበር።

ልጆቼ፣ በዚህም ሳምንት ረቡዕ በ10 ሰዓት ቡና አለ። ጫማችሁን ደጅ ላይ ተዉት።